ባሩድ ለምትመዝኑ ወጣቶች

ቤታችሁ ትንሿ አስፕሪን ካለች ጠርሙሷን አንሡና አንብቡ። 81 ሚሊግራም ይላል። ለምን 80 አልሆነም? ትልቁ ደግሞ 325 ነው። ፋርማሲ ውስጥ ከ30 ዓመት በላይ ስሠራ ይህን የጠየቀኝ ሰው ብዙ ነው። መልሱ የድሮ ሚዛን ነው። የቀድሞ ፋርማሲስቶች መድኃኒት የሚመዝኑት በግሬን ነበር። ትልቁ አስፕሪን 5 ግሬን ነው፣ ትንሿ አንድ ከሩብ። ወደ ሚሊግራም ሲለወጡ ነው 325 እና 81 የሆኑት።

እኛ ግሬንን ከተውነው ቆይተናል። ጥይት በእጃቸው የሚሞሉ ሰዎች ግን ዛሬም በግሬን ነው የሚመዝኑት። ለእኔ ይህ መለኪያ የሁለት ሕይወቴ ድልድይ ነው። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ቅዳሜ ጠዋቴን የማሳልፈው ዳላስ አቅራቢያ ባለ የዒላማ ተኩስ ሜዳ ነው። ጥይቴንም ራሴ እሞላለሁ።

ባለፈው ወር አንድ የእኛ ልጅ ሜዳው ላይ አገኘኝ። መሙያ መሣሪያ ገዝቶ ገና መጀመሩ ነው። ትሑት ልጅ ነው፣ ጨዋ። «ጋሼ፣ የጥይት መሙያ መጽሐፉ ከዚህ ጀምር የሚለው የባሩድ መጠን አለ። እኔ ግን ለጥንቃቄ ብዬ ከሱም ትንሽ ዝቅ አድርጌ ልጀምር አስቤያለሁ» አለኝ።

«ለጥንቃቄ» የምትለዋ ቃል ከጆሮዬ አልወጣ አለች። ፋርማሲ ውስጥ ስንቴ ሰምቻታለሁ! የደም ግፊት መድኃኒቱን ለጥንቃቄ ብሎ ግማሽ የሚውጥ ሰው አለ። ልጇን ትኩሳቱ ሲለቀው አንቲባዮቲኩን ለጥንቃቄ ብላ ያቆመች እናት አለች። ሁሉም ደጎች ናቸው፣ ሁሉም ፈርተው ነው። ያን ቀን ለልጁ ቆሜ የነገርኩትን ነው ሰፋ አድርጌ የምጽፍላችሁ።

ለማያውቀው በአጭሩ ላስረዳ። አንድ ጥይት አራት ነገር ነው፦ ቀለህ፣ ከግርጌው የምትለኩሰው ፕራይመር፣ ባሩድና ከፊት የሚወጣው አረር። የተተኮሰው ቀለህ ይሰበሰባል፣ ይጸዳል፣ ወደ ቅርጹ ይመለሳል። ከዚያ አዲስ ፕራይመር፣ የተመዘነ ባሩድና አረር ይገባለታል። አሜሪካ ውስጥ ለራሱ መጠቀሚያ የሚሞላ ሰው የፌዴራል ፈቃድ አያስፈልገውም። ለመሸጥ የሚሞላ ግን ፈቃድ ሊኖረው ግድ ነው።

አሁን መጠኑን በዓይናችሁ ሳሉት። አንድ ፓውንድ 7000 ግሬን ነው። አንድ ግራም 15.4 ግሬን ገደማ ይሆናል። ብዙ የሽጉጥ ጥይት የሚወስደው ባሩድ ከ3 እስከ 6 ግሬን ነው። 3 ግሬን ማለት የአንድ ግራም አንድ አምስተኛ እንኳ አይሞላም። በሁለት ጣት ቆንጥራችሁ ወጥ ላይ የምትጥሏት ጨው ያህል ናት። በዚህች ቁንጥር ላይ ነው «ትንሽ ልቀንስ» የምንለው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ግሬንና ግራም በእንግሊዝኛ አሕጽሮታቸው የወንድማማች ያህል ይመሳሰላል። ዲጂታል ሚዛኑ ላይ ደግሞ ከአንዱ ወደ ሌላው የምትቀይር አንዲት ቁልፍ አለች። ሳታውቁት በጣታችሁ ልትነኳት ትችላላችሁ። ሁልጊዜ ሥራ ስትጀምሩ መጀመሪያ የምታዩት ቁጥሩን ሳይሆን ከቁጥሩ አጠገብ የተጻፈውን መለኪያ ይሁን።

ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ያነሰ ባሩድ ለምን ያሰጋል?

የዛሬው ጭስ አልባ ባሩድ ገላጣ ቦታ ላይ ቢለኩሱት ቦግ ብሎ ይነድዳል እንጂ አይፈነዳም። ኃይሉ የሚመጣው ሲታፈን ነው። ቀለሁ ውስጥ ሲለኮስ ጋዝ ይወጣል፣ ጋዙ ግፊት ይፈጥራል፣ ግፊቱ ደግሞ ባሩዱን ይበልጥ ቶሎ እንዲነድ ያደርገዋል። የአንጥረኛን ወናፍ አስቡ። ፍሙ አለ፣ ወናፉ ሲነፋ ነው ብረት የሚያቀልጠው። ግፊት ለባሩድ ወናፉ ነው። መጠኑ ከልክ በታች ሲወርድ ወናፉ ይደክማል። ባሩዱ በወጉ አይነድም። ግማሹ ሳይቃጠል ይቀራል። አረሩ ከቀለሁ ይወጣና በርሜሉ ውስጥ ጉልበት አልቆበት ሊቆም ይችላል።

ያልነደደው ባሩድም ችግር አለው። በሪቮልቨር፣ ማለትም ጥይቱ በተሽከርካሪ ውስጥ በሚቀመጥበት ሽጉጥ፣ ላይ ቀለህ ከምታወጣው ኮከብ መሰል ብረት ሥር ቅንጣቶቹ ይገቡና ተሽከርካሪው ይያዛል። ቀለሁ በግፊት ተለጥጦ የጥይት ቤቱን ግድግዳ ስለማይዘጋ ጭሱ ወደ ኋላ ያመልጣል፣ ቀለሁም በጥላሸት ይጠቁራል። ቀለሁ ጎኑ ጠቁሮ ስታዩት ይህ ምልክት ነው።

አረሩ ከምን እንደተሠራም ለውጥ ያመጣል። እርሳስ ለስላሳ ነው፣ በርሜሉ ውስጥ በቀላሉ ይንሸራተታል። መዳብ የለበሰው አረር ግን ጠንካራ ስለሆነ ከበርሜሉ ጋር ይታገላል። በእርሳስ የሚሠራ ቀላል ሙሌት፣ ማለትም ባሩዱ ያነሰ ጥይት፣ በመዳብ ለበስ አረር ሊጣበቅ ይችላል። ይህን የማያውቅ ሰው ብዙ ነው። እኔም አላውቅም ነበር።

ባለቤቴ አብራኝ መተኮስ ስትጀምር እጇ ትንሽ ስለሆነ የሽጉጡ ምት አስቸገራት። .38 ስፔሻል የሚባለውን ጥይት የሚተኩስ ሪቮልቨር ነበር። እኔም አዘንኩላትና ባሩዱን ከመጽሐፉ ዝቅተኛ መጠን በታች ቀነስኩ። ቤት የነበረኝ አረር ደግሞ መዳብ ለበሱ ነበር።

ስለ .38 ስፔሻል አንድ ነገር ማወቅ አለባችሁ። የተሠራው በ1898 ነው። ቀለሁ ረጅም የሆነው ብዙ ቦታ ከሚይዘው ከድሮው ጥቁር ባሩድ ዘመን የመጣ ስለሆነ ነው። የዛሬው ፈጣን ባሩድ ከታች ጥቂት ቦታ ይዞ ከላይ ባዶ ይቀራል። ሽጉጡን ወደ መሬት ዘቅዝቃችሁ ብታነሡ ባሩዱ ወደ አረሩ ይሄዳል። ወደ ሰማይ አቅንታችሁ ብታወርዱ ወደ ፕራይመሩ ይሄዳል። በሁለቱ መካከል የአረሩ ፍጥነት ይለያያል። መጠኑ ባነሰ ቁጥር ይህ ልዩነት ይሰፋል።

ያን ቀን መጀመሪያ ልሞክረው ብዬ እኔ ያዝኩት። አራቱ ተኩስ ደህና ነበር፣ እንዲያውም ለስላሳ። ደስ አለኝ። አምስተኛው ላይ ድምፁ ተለየ። «ጧ» ማለቱ ቀርቶ «ፍስ» አለ። እጄ ላይም ምንም አልተሰማኝም። ጣቴ ግን ቀድሞኝ ወደ ቃታው ሄዶ ነበር። ከጎኔ የሚተኩሱ አንድ ሽማግሌ አሜሪካዊ በሙሉ ድምፃቸው «ስቶፕ!» ብለው ጮኹ። ቆምኩ።

ሽጉጡን ከፍተን ጥይቶቹን አወጣን። በአፈሙዙ በኩል ቀጭን ዘንግ ሰደድን። ዘንጉ ትንሽ ገብቶ ቆመ። አረሩ በርሜሉ መሐል ተቀርቅሯል። ስድስተኛውን ብተኩሰው ኖሮ ከኋላ የሚመጣው አረር ከፊቱ ያለውን ያገኘዋል፣ ግፊቱ መሄጃ ያጣል፣ በርሜሉ ወይ ያብጣል ወይ ይፈነዳል። ቀጣዩ ተራ የባለቤቴ ነበር። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ፕራይመሩ ብቻውን እንኳ ይህን ያደርጋል። ባሩድ ጨርሶ ያልገባበት ጥይት አረሩን ከቀለሁ ገፍቶ በርሜሉ ውስጥ ሊሸጉጠው ይችላል።

ወጣቶች ይበልጥ የምትወዱት አውቶማቲኩን ሽጉጥ ስለሆነ ስለ እሱም ልንገራችሁ። ሥልጠና ላይ ሽጉጡ ሲነክስ ካዝናውን መታ፣ ስላይዱን (ከላይ ወደ ኋላ የሚሳበውን ብረት) ሳብ፣ ተኩስ ተብላችሁ ተምራችኋል። እጃችሁ ሳታስቡ ይህን ያደርጋል። ደካማ ጥይት ስላይዱን ወደ ኋላ የመግፋት ጉልበት የለውም፣ ስለዚህ ሽጉጡ የነከሰ ይመስላል። እናንተ መታ፣ ሳብ፣ ተኩስ ስትሉ አዲሱ ጥይት የተዘጋ በርሜል ውስጥ ይተኮሳል። ፈጣን እጅ እዚህ ላይ ጠላት ነው። ድምፁ ወይም ምቱ ከወትሮው ከተለየ እጃችሁ ይቁም።

ለውድድር የምትሞሉ ደግሞ ሌላ ፈተና አለባችሁ። ዩኤስፒኤስኤ በሚባለው የአሜሪካ ተኩስ ማኅበር ውድድር የአረሩ ክብደት በግሬን በፍጥነቱ በጫማ በሰከንድ ይባዛል፣ ለ1000 ይካፈላል። ውጤቱ ቢያንስ 125 መሆን አለበት። 124 ግሬን አረር 1010 ጫማ በሰከንድ ቢሄድ 125.2 ይሆናል። ምቱ እንዲለሰልስ ብሎ እዚያው ጫፍ ላይ የሚሞላ ልጅ አውቃለሁ። በውድድሩ ቀን ሲለካ 124 ቢወጣ ውጤቱ አይያዝለትም። በካውቦይ አለባበስ በሚደረገው የተኩስ ስፖርት ያሉትም ቀላል ሙሌት ይወዳሉ። እነሱ እንኳ ወለል አላቸው፦ አረሩ ከ400 ጫማ በሰከንድ በታች መሄድ የለበትም። ለቀላል ተኩስ የተፈጠረ ጨዋታ ወለል ካስፈለገው እኛማ እንዴት አያስፈልገን?

ጨርሶ የማይቀነስም ባሩድ አለ። ኤች-110 እና ደብልዩ-296 የሚባሉት ለ.357 ማግነም ጥይትና ለመሰሎቹ የሚሆኑ ዘገምተኛ ባሩዶች ናቸው። አከፋፋዩ ሆጅደን ከተሰጠው መጠን ከ3 በመቶ በላይ አትቀንሱ ብሎ ያስጠነቅቃል። ከከፍተኛው መጠን አሥር በመቶ ቀንሶ መጀመር የሚለው የተለመደ ምክር እዚህ አይሠራም። ስለዚህ የምትይዙትን ባሩድ በስሙ እወቁት። ከጓደኛ የሰማችሁትን መጠን ሳይሆን ባሩዱን የሚያቀርበው ድርጅት ያወጣውን ሠንጠረዥ ተከተሉ።

ሜዳው ላይ ትልልቅ ሰዎች ትንሽ ባሩድ በራሱ ጊዜ ሽጉጥ ያፈነዳል ሲሉ ትሰሙ ይሆናል። እኔ እንደማምነው ብዙዎቹ የፈነዱት ሽጉጦች ድርብ ሙሌት፣ ማለትም ሁለቴ ባሩድ የገባበት ጥይት፣ የተተኮሰባቸው ናቸው። ምክንያቱን እዩት። ረጅም ቀለህ፣ ትንሽ ባሩድ። ስልክ ጠራ፣ ዞር አልክ፣ ተመለስክ፣ ያንኑ ቀለህ ሁለተኛ ሞላኸው። ባሩዱ አይፈስም፣ ቦታ አለውና። መጠኑን እየቀነሳችሁ በሄዳችሁ ቁጥር ድርቡ ይበልጥ ይደበቃል። ትንሹን ፈልጎ የተነሣ ሰው እጥፉን ይዞ ሜዳ ይሄዳል ማለት ነው።

ከፋርማሲ ወደ መሙያ ጠረጴዛዬ ይዤው የሄድኩት ልማድ ይህ ነው። ጠረጴዛው ላይ ከአንድ በላይ የባሩድ ዕቃ አይቀመጥም። ስልኬ ሌላ ክፍል ነው። ሥራ ስጀምር ክብደቱ በሚታወቅ ድንጋይ ሚዛኑን እፈትሻለሁ፣ መሐል ላይም እደግመዋለሁ፣ የዲጂታል ሚዛን ቁጥር ይንሸራተታልና። የአየር ማቀዝቀዣውን አጠፋለሁ፣ ነፋሱ ሚዛኑን ያወዛውዛል። ከዚያ 50 ቀለህ በመደርደሪያው ላይ አቆምና አረር ከመቀመጡ በፊት በባትሪ አንድ በአንድ ወደ ውስጥ አያለሁ። የአንዱ ባሩድ ከጎረቤቱ ከፍ ወይም ዝቅ ካለ አፈስሰዋለሁ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል። ሲደክመኝ እተወዋለሁ፣ ነገም ቀን ነው።

ቀላል ምት መፈለግ ግን ነውር አይደለም። ለባለቤቴ መጨረሻ ላይ የተገኘው መፍትሔ በጣም ቀላል ነበር። መጀመሪያ .22 የሚባለውን ትንሽ ጥይት የሚተኩስ ሽጉጥ ገዛሁላትና ዓመት ያህል በእሱ ተለማመደች። ከዚያ ከበድ ያለ ሪቮልቨር ያዘች፣ የሽጉጡ ክብደት ራሱ ምቱን ይውጠዋልና። ጥይቱንም ሠንጠረዡ ላይ ካለው የዒላማ ሙሌት መረጥኩላት፦ 148 ግሬን የሆነ፣ ፊቱ ጠፍጣፋ፣ የእርሳስ አረር በፈጣን ባሩድ። ወረቀቱ ላይ ንጹሕ ክብ ቀዳዳ ያወጣል። አሁን ከእኔ ትበልጣለች።

የጠየቀኝ ልጅ ሠንጠረዡን ይዞ ሲመጣ አብረን አየነው። የመነሻው መጠን ላይ ጣቴን አድርጌ «ይህ ወለሉ ነው፣ ከዚህ ወደ ላይ በትንሽ በትንሹ ትወጣለህ እንጂ ወደ ታች አትወርድም» አልኩት። የመጀመሪያዎቹን አሥር ጥይቶች አብረን ሞላን።

እናንተም «ፍስ» የሚል ድምፅ ከሰማችሁ ጣታችሁን ከቃታው አውጡ። አፈሙዙን ከዒላማው ሳታነሡ 30 ሰከንድ ጠብቁ። ዘግይቶ የሚተኮስ ጥይት አለና። ከዚያ ጥይቶቹን አውጡ፣ ባዶ መሆኑን ሁለቴ አረጋግጡ፣ በርሜሉን በዘንግ ፈትሹ። የተቀረቀረ አረር ለማስወጣት ሌላ ጥይት መተኮስን በሕልማችሁም አታስቡ። ቅዳሜ ጠዋት ከሆነ እኔ ጥግ ላይ ያለው ጠረጴዛ ጋ ነኝ፣ ጥሩኝ። የናሱ ዘንግና የእንጨት መዶሻው ሁልጊዜ ቦርሳዬ ውስጥ ናቸው።