ጌም የሚሞተው ተጋጣሚ ሲጠፋ ነው

ሰላም ለሁላችሁ። ወንድማችን የጠየቀው ባጭሩ ይህን ነው፦ «ካውንተር ስትራይክ (የቡድን ተኩስ)፣ ዶታ (የጀግኖች የቡድን ውጊያ) እና ስታርክራፍት (ጦር የማዘዝ ስልት) ሃያ ዓመት አልፏቸውም ሰው አላጡም። ብዙ ገንዘብ የፈሰሰባቸው፣ ግራፊክሳቸው ዓይን የሚይዝ አዳዲስ ጌሞች ግን በወራት ውስጥ ባዶ ይቀራሉ። ለምን? እኔና ጓደኞቼ ለዓመታት የምንይዘውን ጌም ስንመርጥስ ምን ብናይ ይሻላል?»

ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ «ትዝታ ነው» የሚል ነው። እኔ አልቀበለውም። ትዝታ ሰውን ለአንድ ቅዳሜና እሁድ ይመልሰዋል እንጂ ሃያ ዓመት አያቆየውም። ዛሬ ካውንተር ስትራይክ ከሚጫወቱት ብዙዎቹ ጌሙ ሲወጣ ገና አልተወለዱም ነበር፤ እነሱ ምን ትዝታ አላቸው?

ሰው ከሰው የሚገጥምበት ጌም በሕይወት የሚቆየው፣ በየትኛውም ሰዓት ለገባ፣ በየትኛውም ደረጃ ላለ ተጫዋች በጥቂት ደቂቃ ውስጥ እኩያውን ማቅረብ እስከቻለ ድረስ ነው። ግራፊክሱም፣ ዋጋውም፣ ፓቹም (ጌሙን የሚለውጠው ማሻሻያ)፣ ሰርቨሩም (ተጫዋቾችን የሚያገናኘው ኮምፒውተር) የሚመዘነው ይህን በመርዳቱ ወይም በማደናቀፉ ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ የጻፍኩት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

እስቲ በቁጥር እንየው። አንድ ጌም በዚህች ደቂቃ 10,000 ሰው ገብቶበታል እንበል። ቀላል ቁጥር አይደለም። ፒንግ (መልእክት ሰርቨሩ ደርሶ እስኪመለስ የሚፈጀው ጊዜ፣ በሚሊ ሰከንድ) እንዳይበላሽ ተጫዋቾቹ በ4 አካባቢ ሰርቨሮች ሲከፈሉ ለእያንዳንዱ 2,500 ይደርሳል። ጌሙ 5 ሞድ (የአጨዋወት ዓይነት) ካለው በአንዱ ሞድ የሚቀረው 500 ነው። ከነዚህ አብዛኛው ማች ውስጥ ነው፤ ማቹ ግማሽ ሰዓት የሚፈጅ ከሆነ አሁን ወረፋ ላይ ያለው ከ10 አንዱ ቢሆን ነው፤ 50 ሰው ማለት ነው። እነዚህን 50 ሰዎች ከጀማሪ እስከ ብርቱ በ10 ደረጃ ከፋፍላቸው፤ በየደረጃው 5 ሰው ይቀራል። አምስት ለአምስት የሚገጠምበት ማች ግን 10 ሰው ይፈልጋል። በወረቀት ላይ 10,000 ሰው ያለው ጌም አንድ ማች መሙላት አቃተው።

እዚህ ላይ ሲስተሙ ከሁለት አንዱን መምረጥ አለበት፦ ወይ ተጫዋቹን ያስጠብቃል፣ ወይ ደረጃ ሳይመርጥ ከተገኘው ጋር ያገጥመዋል። ሁለተኛው ምን ያህል እንደሚጎዳ ከቼዝ የመጣው፣ የተጫዋችን ብቃት በነጥብ የሚለካው የኢሎ ስሌት በደንብ ያሳያል። በሁለት ተጋጣሚዎች መካከል የ200 ነጥብ ልዩነት ካለ፣ ብርቱው ከ100 ጨዋታ ወደ 76 ያህሉን ይወስዳል ተብሎ ይጠበቃል። ልዩነቱ 400 ሲሆን 91 ያህሉን ይወስዳል። አዲስ ገቢው ዘጠኝ ጊዜ ተደብድቦ አንዴ ያሸንፋል ማለት ነው፤ ለአሥረኛው ጨዋታ ግን አይቆይም፣ ጌሙን አጥፍቶ ይሄዳል። እሱ ሲሄድ የታችኛው ደረጃ ይሳሳል፤ ቀጥሎ የሚመጣው ጀማሪ ደግሞ ከበፊቱ ከበረታ ሰው ጋር ይገጥማል። ሰው በቀነሰ ቁጥር ወረፋው ይረዝማል፣ ወረፋው በረዘመ ቁጥር ሰው ይቀንሳል። አንዴ ይህ አዙሪት ከጀመረ በአዲስ ማፕ (የመጫወቻ ሜዳ) እና በአዲስ መሣሪያ ብቻ አይቆምም። አዲስ ሞድ መጨመር ደግሞ ያለውን ሰው ይበልጥ ስለሚበታትነው ያፋጥነዋል።

ኮንኮርድ የተባለውን የቡድን ተኩስ ጌም ተመልከቱ። በኦገስት 23 ቀን 2024 ወጣ፣ በሴፕቴምበር 6 ተዘጋ፤ ሁለት ሳምንት። ተኩሱ መጥፎ አልነበረም። ነገር ግን በዘርፉ ያሉት ትልልቅ ጌሞች በነፃ በሚገኙበት ጊዜ መግቢያው 40 ዶላር ነበር። ተጫዋች በመጀመሪያው ቀን ካልሞላ በሁለተኛው ቀን ወረፋው ይረዝማል፣ በሦስተኛው ቀን «ሞቷል» የሚል ወሬ ይነዛል። ሎውብሬከርስ የተባለው የተኩስ ጌምም በኦገስት 2017 ወጥቶ፣ መዘጋቱ ከተነገረ በኋላ ዘግይቶ ነፃ ሆኖ፣ በሴፕቴምበር 2018 ተዘጋ። ነፃ መሆን የሚጠቅመው ሰው ሳይበተን ሲመጣ ነው።

ብዙ ሰው እያለም ወረፋ ሊበላሽ ይችላል። የቡድን ተኩስ ጌሙ ኦቨርዋች በ2019 እያንዳንዱ ቡድን ሁለት ታንክ (ጥቃቱን ከፊት የሚቋቋም)፣ ሁለት አጥቂ፣ ሁለት ረዳት እንዲኖረው ሲያስገድድ፣ ማጥቃት የሚፈልገው ሰው በጣም ብዙ፣ ታንክ የሚፈልገው ጥቂት ስለነበር የአጥቂዎች ወረፋ ረዘመ። ወረፋው የሚሄደው ሁልጊዜ በጣም ባነሰው ሚና ፍጥነት ነው። ሚና የሚያስመርጥ ጌም ስታዩ መጀመሪያ የማይወደደው ሚና የትኛው እንደሆነ እወቁ።

እንግዲህ ተጋጣሚው ተገኘ እንበል። ለሺሕኛ ጊዜ እንዲመለስ የሚያደርገው ምንድነው? ሕጉ አጭር፣ ከሕጉ የሚወለደው ችግር ግን ማለቂያ የሌለው መሆኑ ነው። ከአዲሱ ካውንተር ስትራይክ 2 አንዲት ቅጽበት ልውሰድ። አጥቂው ቡድን ቦምብ ያጠምዳል፣ ተከላካዩ ያከሽፋል። ቦምቡ ከተጠመደ በኋላ እስኪፈነዳ 40 ሰከንድ አለ። ለማክሸፍ 10 ሰከንድ ይፈጃል፤ ኪት (የማክሸፊያ ዕቃ) የገዛ ሰው ግን በ5 ሰከንድ ይጨርሳል። ኪቱ በጌሙ ገንዘብ 400 ዶላር ነው። 9 ሰከንድ ሲቀር ኪት የሌለው ተከላካይ አልቆለታል፤ ያለው ግን የተደበቀውን ጠላት ለመፈለግ 4 ሰከንድ አለው። ማክሸፍ ሲጀመር ደግሞ ድምፅ ይሰማል። ስለዚህ ተከላካዩ ማክሸፍ ጀምሮ ድምፁን ካሰማ በኋላ ወዲያው ይለቀዋል፤ አጥቂው ደንግጦ ከግድግዳው ጀርባ ብቅ ሲል ይመታዋል። አጥቂው ይህን ከለመደ በሚቀጥለው ጊዜ አይወጣም፤ ያኔ ተከላካዩ እውነተኛውን ማክሸፍ ይጨርሳል። ሦስት ቁጥሮችና አንድ ድምፅ ናቸው፤ ሰው ግን ከ1999 ጀምሮ በዚህ ዓይነት ብልሃት እየተሸዋወደ ነው። ደስት 2 የተባለው ማፕ ራሱ የ2001 ነው። ማፑ አልተለዋወጠም ማለት ይቻላል፤ የተለዋወጠው ከበሩ ወዲያ የቆመው ሰው ነው።

በዚያ ላይ ገንዘቡ አለ። ኤኬ 47 ጠመንጃ በጌሙ ገንዘብ 2,700 ዶላር ነው። ለተሸነፈ ቡድን እያንዳንዱ ተጫዋች በየራውንዱ (በየዙሩ) የሚሰጠው ከ1,400 ተነስቶ በ500 እየጨመረ እስከ 3,400 ይደርሳል። ስለዚህ አምስቱ ሰዎች «አሁን እንግዛ ወይስ ይህን ራውንድ ትተን ለሚቀጥለው እናጠራቅም?» ብለው መስማማት አለባቸው። አንዱ ብቻውን ከገዛ ቡድኑ ሁለት ራውንድ ይጎዳል። ተሸናፊውን የሚያነሳው ይህ ድጎማ ባይኖር ኖሮ የመጀመሪያውን ራውንድ ያሸነፈ ቡድን እስከ መጨረሻው ይነዳ ነበር።

ስታርክራፍት ከዚህም ይገርማል። በ1998 ወጣ፣ የኃይል ሚዛኑን የነካው የመጨረሻው ፓች የ2001 ነው። ከዚያ ወዲህ ሚዛኑን የጠበቁት ማፕ ሠሪዎች ናቸው። አንዱ ዘር (ተጫዋቹ የሚመርጠው የሠራዊት ዓይነት) ሲያይል የመተላለፊያውን ስፋት ያጠባሉ፣ ማዕድኑን ያርቃሉ፣ የሁለተኛውን ሰፈር በር ይለውጣሉ። በኮሪያ ያሉ ባለሙያ ተጫዋቾች ደግሞ በዚያው ባልተነካ ጌም ላይ አዲስ አሠራር ሲያወጡ ኖሩ። በመኪና ኳስ የሚጫወቱበት ሮኬት ሊግም በ2015 ሲወጣ የነበረው ሕግ እስካሁን አለ፤ 5 ደቂቃ፣ ኳስ፣ ሁለት ጎል። መኪናህን ማሳመር እንጂ ማጠናከር አይቻልም። ዛሬ የምታዩት በአየር ላይ የመገልበጥ ጥበብ ከጊዜ ብዛት ተጫዋቾች ራሳቸው ከፊዚክሱ ውስጥ ያወጡት ነው።

«ሊግ ኦፍ ሌጀንድስ (የዶታ ዓይነት ጌም) ግን በየሁለት ሳምንቱ ገደማ ፓች ያወጣል» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ የሚቀያየረው ግን የጀግኖቹ ጉልበትና የዕቃው ዋጋ ነው። ሦስቱ መንገዶች፣ ማማዎቹ፣ መጨረሻ ላይ የሚፈርሰው ሰፈር ከ2009 ጀምሮ እዚያው ናቸው። እንዲህ ያለውን መሠረት የነካ ግን ይቀጣል። ብዙ ሰው በኦንላይን በአንድ ዓለም አብሮ የሚጫወትበት ስታር ዋርስ ጋላክሲስ በኖቬምበር 2005 ከ30 በላይ የነበሩትን ሙያዎች ወደ 9 ጠቅልሎ ውጊያውን ከሥሩ ለወጠው። ለዓመታት ሙያውን ያሳደገው ሰው የገነባው ነገር በአንድ አፕዴት ተሰረዘበት፤ ሄደ፣ ጌሙም በ2011 ተዘጋ። ሩንስኬፕ የተባለው ተመሳሳይ ጌም ግን ተጫዋቾቹ የቀድሞውን ስለጠየቁ የ2007ቱን ቅጂ በ2013 መልሶ ከፈተ፤ አዲስ ነገር የሚገባውም በተጫዋቾች ድምፅ ሆነ፣ መጀመሪያ 75 በመቶ ድጋፍ ይጠይቅ ነበር። ያ የቆየ ቅጂ እስካሁን ሰው አላጣም።

ፍትሕ ሌላው ነገር ነው። ተጫዋች መሸነፍን ይችላል፤ ያለአግባብ መሸነፍን ግን አይችልም። ሰርቨሩ በሰከንድ 64 ጊዜ የሚያሰላ ከሆነ በየ15.6 ሚሊ ሰከንዱ አንዴ ዓለሙን ያያል። ያንተ ፒንግ 100 ከሆነ የምታየው ያለፈውን ነው፤ ስለዚህ ሰርቨሩ ስትተኩስ ጊዜውን ወደኋላ መልሶ «ያን ጊዜ ኢላማው የት ነበር?» ብሎ ይፈርዳል። ያለዚህ ብልሃት ከሰርቨሩ ሩቅ ያለ ተጫዋች የሚንቀሳቀስ ኢላማ መምታት በጣም ይከብደዋል። መጠኑ ሲያልፍ ግን ግድግዳ ጀርባ ከገባህ በኋላ ትሞታለህ። ሁለቱን ማመጣጠን ከግራፊክስ ይልቅ የጌሙን ዕድሜ ይወስናል ብዬ አምናለሁ። በማጭበርበርም በኩል ነገሩ ያው ነው። የተኩስ ጌሙ ቲም ፎርትረስ 2 ለዓመታት ሰው ሳይነካቸው አነጣጥረው በሚተኩሱ ቦቶች (በፕሮግራም በሚነዱ ተጫዋቾች) ተጥለቅልቆ ተጫዋቾቹ በይፋ አቤት እስከማለት ደርሰዋል። ነፃ ጌም አካውንት መክፈትን ስለሚያቀል ለአጭበርባሪም፣ ጀማሪ መስሎ ለሚገባ ብርቱም በር ይከፍታል። ዶታ 2 ለደረጃ ጨዋታ ስልክ ቁጥርና የ100 ሰዓት ልምድ የሚጠይቀው ለዚህ ነው።

ገንዘቡን በአጭሩ፦ ቀለም የሚሸጥ ጌም ይቆያል፣ ጉልበት የሚሸጥ ጌም ተጋጣሚውን ይበላል። ከፋዩ ያልከፈለውን ሲደበድብ ያልከፈለው ይወጣል፣ ከዚያ ከፋዩ የሚደበድበው ያጣል። ዶታ 2 ጀግኖቹን ሁሉ በነፃ ይሰጣል፤ የሚሸጠው ልብሳቸውን ነው።

ብዙ ሰው የሚዘነጋው ሰርቨሩ በማን እጅ እንዳለ ነው። በሜይ 2014 ጌምስፓይ የተባለው አገልግሎት ሲዘጋ በሱ በኩል ይገናኙ የነበሩ ብዙ ጌሞች የኦንላይን ጨዋታቸውን በአንድ ቀን አጡ። ማይንክራፍትና ካውንተር ስትራይክ 1.6 ግን ማንም በራሱ ኮምፒውተር ሰርቨር ሊከፍትባቸው ይችላል፤ ባለቤቱ ቢተዋቸውም አይጠፉም። ደግሞ ልብ በሉ፦ ካውንተር ስትራይክ ራሱ ሃፍ ላይፍ በተባለ ጌም ላይ የተሠራ ሞድ (እዚህ ላይ፣ ጌሙን ቀይሮ የተሠራ ቅጂ) ነበር፣ ዶታም የዋርክራፍት 3 ማፕ ነበር። ኤጅ ኦፍ ኢምፓየርስ 2 ከ1999 እስከ ዛሬ የዘለቀው ሞድ ሠሪዎቹ ሥራቸውን ሳይተዉ፣ በኋላም ሥራቸው በይፋ ማስፋፊያ ሆኖ ስለወጣ ነው። የካውንተር ስትራይክ 1.6 ዝቅተኛ የኮምፒውተር መስፈርት 500 ሜጋኸርዝ ፕሮሰሰርና 96 ሜጋባይት ራም መሆኑም ቀላል ነገር አይደለም፤ ማንኛውም አሮጌ ላፕቶፕ ተጋጣሚ ይሆናል።

አሁን ወደ ምርጫችሁ። የጌሙን ተጫዋች ብዛት በስቲም ዲቢ (በስቲም ላይ ያሉ ጌሞችን ተጫዋች ቁጥር የሚያሳይ ድረ ገጽ) ስታዩ ከፍተኛውን ቁጥር እርሱትና እናንተ በምትጫወቱበት ሰዓት ያለውን እዩ። አዲስ ከሆነ ከወጣ ከሦስት እስከ ስድስት ወር ጠብቁ፤ የመጀመሪያው ሳምንት ቁጥር የማስታወቂያ ቁጥር ነው። ከመግዛታችሁ በፊት በነፃ መሞከር ከተቻለ፣ በሦስት የተለያዩ ቀናት ወረፋ ግቡና ሰዓት ያዙ። በዋናው ሞድ በተደጋጋሚ ከ5 ደቂቃ በላይ ካስጠበቀ ሌላ ፈልጉ። ፒንጋችሁ ከ80 በታች ከሆነ የተኩስ ጌም ይመቻችኋል፤ ከ150 በላይ ከሆነ ግን ተራ በተራ የሚጫወቱበት ወይም ስልት የሚበዛበት ያዙ፣ አለዚያ ጥፋቱ የናንተ ሳይሆን ስትበሳጩ ትኖራላችሁ። ከመካከላችሁ አንዱ በጣም የሚበልጥ ከሆነ፣ የግል ክፍል ከፍታችሁ እርስ በርስ የምትገጥሙበት ጌም ምረጡ፤ አለዚያ ሲስተሙ በሱ ደረጃ እያገጠማችሁ ደካማውን ጓደኛችሁን ያባርርባችኋል።

የቡድኑንም ቁጥር አትርሱ። አራት ሆናችሁ ሦስት ሰው የሚያሰልፍ ጌም ከያዛችሁ በየማቹ አንዱ ውጭ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል፤ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚያቆመው እሱ ነው። አምስት የሚያሰልፍ ከሆነ ደግሞ አምስተኛው ከማታውቁት ሰው ይሞላል። እሱን እንደ እንግዳ ሳትገፉ በማይክ ካነጋገራችሁት በሚቀጥለው ሳምንት አምስት ሆናችሁ ትገባላችሁ።