መልስ፦ ብሪተንን ከየት ልጀምር?
እንግሊዛዊውን የሙዚቃ ደራሲ ቤንጃሚን ብሪተንን ከየት ልጀምር ላልከው፣ እኔ «ዋር ሪኩዌም» (የጦርነት የሙታን ጸሎት) የተባለውን የመዘምራንና የኦርኬስትራ ሥራውን እልሃለሁ። ይከብዳል የሚሉትን አትስማ። ብሪተን ጦርነትን አጥብቆ የሚቃወም ሰው ነበር። በ1940 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ የኮቨንትሪ ከተማ ካቴድራል በጀርመን ቦምብ ፈረሰ፤ አዲሱ አጠገቡ ተሠርቶ በ1962 ሲመረቅ ይህ ሥራ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀረበ። የላቲኑን የሙታን ጸሎት፣ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ከተገደለው ወታደር ገጣሚ ከዊልፍሬድ ኦወን ግጥሞች ጋር አዋህዶታል። በጣም የምወድለት ደግሞ ምን መሰለህ፣ እንግሊዛዊውን ፒተር ፒርስንና ጀርመናዊውን ፊሸር ዲስካውን አብረው እንዲዘፍኑ ማድረጉ! ሩሲያዊቷን ዘፋኝ ቪሽኔቭስካያንም ፈልጎ ነበር፤ የሶቪየት መንግሥት ከለከላት። በ1963ቱ ቅጂ ላይ ግን አለች፣ ኦርኬስትራውን የመራውም ራሱ ብሪተን ነውና እሱን ፈልግ። መጨረሻ ላይ ሁለቱ ጠላት ወታደሮች የሚገናኙበትን ክፍል ሳታቋርጥ ስማው። ከዚያ «ፒተር ግራይምስ» ወደሚለው ኦፔራው እለፍ።