የጥንት ታንከኞች ጭምብል፦ እውነተኛውን በምን ልለየው?

ጥያቄ፦ የምኖረው ለንደን ነው። የአንደኛው የዓለም ጦርነት ታንከኞች ያጠልቁት የነበረ የፊት ጭምብል ገበያ ላይ አገኘሁ። ዋጋው ኪስ ያራቁታል። እውነተኛ መሆኑን እንዴት ልወቅ? ሰንሰለቱስ ዝጓል፣ ልፈግፍገው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ እባክህ እንዳትፈገፍገው! ዝገቱም የዕቃው ታሪክ ነው። እንግሊዞች ታንክን ለመጀመሪያ ጊዜ ያዋጉት እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 15 ቀን 1916 ፈረንሳይ፣ ሶም ግንባር ላይ ነው። ታንኩን ጥይት ከውጭ ሲመታው ከውስጥ የብረት ፍንጣሪ እየተስፈነጠረ የወታደሩን ፊት ያቆስል ነበር፤ ጭምብሉ የመጣው ለዚህ ነው። ቆዳ የለበሰ ብረት፣ ዓይኑ ላይ ቀጫጭን ስንጥቆች፣ አፍ ላይ የተንጠለጠለ የሰንሰለት መረብ አለው።

ገልብጠህ ውስጡን እይ። ላብ ያጠቆረው ቆዳ ፊት የነካው ቦታ ላይ ይብሳል፤ ሁሉም ጋ እኩል ቡኒ ከሆነ እኔ አልገዛውም። ማሰሪያውንና ስፌቱንም ፈትሽ። ከመክፈልህ በፊት ግን ደቡብ እንግሊዝ፣ ቦቪንግተን ያለው የታንክ ሙዚየም ሄደህ እውነተኛውን በዓይንህ እየው።

ገንዘቡ ከከበደህ ቀኝ እጅጌ ላይ ይሰፋ ከነበረው፣ እ.ኤ.አ. በ1917 ከወጣው የታንክ ምስል ምልክት ጀምር። እሱም ቢሆን ተመሳስሎ ይሠራል፤ የጀርባውን ክር ሳታይ እንዳትገዛ።