ከቀመሩ በፊት አቅጣጫውን ምረጪ

እህቴ፣ የእንቅስቃሴ ቀመሮቹን በቃልሽ ይዘሽ ሳለ፣ ከፎቅ ወደ ላይ የተወረወረ ኳስ መሬት እስኪደርስ የሚወስደውን ጊዜ ስታሰዪ ለምን እንደምትሳሳቺ ጠይቀሻል። ለዓመታት ፊዚክስ ሳስጠና ያየሁት፣ ስህተቱ ብዙውን ጊዜ የሚመጣው ከቀመሩ ሳይሆን ከመደመርና ከመቀነስ ምልክቱ መሆኑን ነው።

ወደ ላይ ያለውን አቅጣጫ አዎንታዊ በዪውና እስከ መጨረሻው አትቀይሪው። ስበት ኳሱ ሲወጣም፣ ጫፍ ላይ ፍጥነቱ ለቅጽበት ዜሮ ሲሆንም፣ ሲወርድም ወደ ታች ነው የሚስበው። ስለዚህ ሽምጠጣው፣ ማለትም ፍጥነት በየሰከንዱ የሚለወጥበት መጠን፣ ሁልጊዜ አሉታዊ ነው። ብዙ ተማሪዎች «አሁን እየፈጠነ ነው» ብለው መንገድ ላይ ምልክቱን ይገለብጡታል።

ፎቁ 25 ሜትር፣ የመነሻ ፍጥነቱ በሰከንድ 20 ሜትር ይሁን። ለስሌት እንዲቀል የስበትን ሽምጠጣ (9.8 ገደማ ነው) 10 እንበለው፤ የአየርን ግጭትም እንተወው። የቦታ ለውጡ −25 ነው፤ ኳሱ ምንም ያህል ከፍ ቢል የሚቆጠረው ከመነሻው እስከ መድረሻው ያለው ነው። የመድረሻ ፍጥነቱ አልተሰጠም፣ አልተጠየቀምም፤ እርሱ የሌለበትን ቀመር እንውሰድ፦ የቦታ ለውጥ = የመነሻ ፍጥነት × ጊዜ + ግማሽ ሽምጠጣ × የጊዜ ካሬ። «መሬት ሲነካ ስለሚቆም ዜሮ ነው» እንዳትዪ፤ የሚያቆመው መሬቱ ነው፣ ቀመሩ ደግሞ የሚሠራው ኳሱ መሬት እስኪነካ ድረስ ብቻ ነው።

ጊዜውን «ጊ» ብንለው፦
−25 = 20ጊ − 5ጊ²
ሁሉንም ወደ አንድ ወገን አምጥተን ለ5 ስናካፍል፦
ጊ² − 4ጊ − 5 = 0

መልሶቹ 5 እና −1 ናቸው። የምንፈልገው 5 ሰከንድ ነው፤ ሆኖም −1ን ዝም ብለሽ አትሰርዢው፤ እኔ ከሁሉ የምወደው እርሱን ነው። ኳሱ ከመሬት ተነሥቶ ቢሆን ኖሮ፣ በፎቁ ጫፍ ከማለፉ 1 ሰከንድ በፊት በ30 ሜትር በሰከንድ ይነሣ ነበር ማለት ነው። መሬት ሲደርስ ያለው ፍጥነትም 20 − 50 = −30 ነው፤ ያው መጠን፣ በተቃራኒ አቅጣጫ።

ለማረጋገጥ የ20 እና የ−30 አማካይ −5 ነው፤ በ5 ሰከንድ ሲባዛ −25 ይሰጣል። ይህ አማካይ የሚሠራው ሽምጠጣው ቋሚ ስለሆነ ብቻ ነው። መኪና ፈጥኖ ከዚያ ፍሬን ሲይዝ ግን ሽምጠጣው ስለሚለወጥ፣ ጉዞውን እዚያው ላይ ክፈዪው፤ የመጀመሪያው ክፍል የመድረሻ ፍጥነት የሁለተኛው መነሻ ይሆናል።