ዳክዬ አዳኝ ዳክዬ ይጠብቃል ወይ? እና ሌሎች ጥያቄዎቻችሁ

ባለፈው ስለ ጣና ዳር ወፎች ከጻፍኩ በኋላ ብዙ ጥያቄ መጣ፣ ሁሉንም መመለስ ስለማልችል ለዛሬ አምስቱን ብቻ።

ከዱርቤቴ፦ "አሜሪካ ዳክዬ አዳኞች በነፃ እያገለገሉ ዳክዬ ይጠብቃሉ ሲባል ሰማሁ። ሚገድል ሰው እንዴት ይጠብቃል?"

ወንድሜ፣ እኔም መጀመሪያ ስሰማው አልተዋጠልኝም ነበር። እዛ ሀገር ረግረጉን ቦይ እየቀደዱ አድርቀው አረሱት፣ በላዩ ድርቅ መጣ፣ ዳክዬ አለቀ፣ ይሄንን ቶሎ ካወቁት ውስጥ ደግሞ አዳኞቹ ነበሩ ምክንያቱም ውርጭ ላይ ቁጭ ብለው የዳክዬውን መምጣት ሚጠባበቁት እነሱ ናቸው። በፈረንጆቹ 1934 አዳኝ በየዓመቱ የዳክዬ ቴምብር ይግዛ ተባለ፣ ያኔ 1 ዶላር ነበር አሁን 25 ደርሷል፣ ከያንዳንዱ ዶላር 98 ሳንቲሙ ረግረግ መግዣና መጠበቂያ ነው ሚሆነው። በ1937 ደግሞ አዳኞቹ ራሳቸው ዳክስ አንሊሚትድ ሚባል ድርጅት አቋቋሙ። እኔን የገረመኝ ግን የሳጥኑ ስራ ነው። የዛፍ ግንድ ቀዳዳ ውስጥ እንቁላሏን ምትጥል የዳክዬ ዓይነት አለች፣ ትልልቁ ዛፍ ሲቆረጥ ቤት አጣች፣ ስለዚህ በነፃ ሚያገለግሉት ሰዎች የጣውላ ሳጥን ሰርተው ውሃ ላይ በቆመ ምሰሶ ይሰቅሉላታል፣ አውሬ እንዳይወጣ ከስሩ ቆርቆሮ በሾጣጣ ይጠቀልላሉ። በብርዱ ወራት ተመልሰው የአምናውን የእንቁላል ቅርፊት ጠርገው አዲስ የአናጢ ፍቅፋቂ ያነጥፋሉ፣ እሷ እኮ ሳር አትሸከምም፣ ከደረቷ ላባ ነጭታ ብቻ ነው ምታለብሰው።

እኛ ጋ ብዙው ክርስቲያን ዳክዬ አይቀምስም፣ ወፉን ከጥይት ይልቅ ሚጎዳው ረግረጉ መታረሱ፣ ባሕር ዛፍ መተከሉ፣ ጣና ላይ ደግሞ እምቦጩ ነው። ወጥመድ ሚያጠምድ ልጅ ግን አለ። አንዱ ድሮ ያጠምድ የነበረ ልጅ ጣና ዳር ያለው የጭምባ ረግረግ ላይ ሳይነጋ በታንኳ ይዞኝ ገባ፣ ደንገሉ ውስጥ ሚንሾካሾከውን ሰምቶ "ሁለት እናት ናቸው፣ ጫጩት ይዘዋል" አለኝ፣ እኔ ምንም አልሰማሁም። ሲነጋ ሁለት እናት ከነጫጩቶቻቸው ወጡ። ይሄን ጆሮ ማን ያስተምራል? እንዲህ ያለውን ልጅ አስረን ከምናባርረው ጠባቂና ቆጣሪ ብናደርገው እመርጣለሁ፣ አበልም ይገባዋል።

ከባሕር ዳር፦ "ዳክዬ ማደን ይፈቀዳል?"

ያለ ፈቃድ አይቻልም። የዱር እንስሳት አዋጁን አንብብ። ደግሞ አሁን ባለንበት ሁኔታ ውሃ ዳር ጥይት ማጮህ ስንቱን እናት እንደሚያስደነግጥ አስብ።

ከመራዊ፣ አንድ አባት፦ "ዝይ ሽምብራዬን ጨረሰችው። መርዝ ባደርግስ?"

አባቴ በእግዜር ይዤዎታለሁ፣ እንዳያደርጉት። መርዙ ዝይዋ ጋ አይቆምም፣ የሞተችውን ውሻ ይበላታል፣ አሞራ ይበላታል፣ ዝናብ ሲመጣ ወደ ውሃው ይወርዳል፣ ያንን ውሃ ከብቱም ልጁም ነው ሚጠጣው። ድካምዎ ይገባኛል፣ ቡቃያ በአንድ ሌሊት ሲላጭ አይቻለሁ ያስለቅሳል። ዝይ በብዛት ምትግጠው ማለዳና አመሻሽ ላይ ስለሆነ ቀኑን ሙሉ ማማ ላይ መዋል የለብዎትም፣ በነዚህ ሰዓቶች ልጆቹ ጅራፍ ያጩሁ፣ ቆርቆሮ ይምቱ፣ ቦታ እየቀያየሩ ግን፣ አንድ ቦታ ከሆነ ትለምደዋለች። ከጎረቤት ጋር ተራ ቢገቡ ደግሞ ይቀላል።

ከቢቡኝ፦ "ጮቄ ላይ እረኞች የዝይ እንቁላል ያነሳሉ፣ ይሄ ችግር አለው?"

አለው እንጂ! እዛ ከፍታ ላይ ያለችው ክንፈ ሰማያዊዋ ዝይ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ደጋ በቀር ዓለም ላይ የትም የለችም። ሳር ውስጥ መሬት ላይ ነው ምትጥለው፣ ከብትም ይረግጠዋል፣ ስለዚህ ጎጆ ያገኘ እረኛ በዛ በኩል መንጋውን ባያሳልፍ ትልቅ ውለታ ነው። እረኞቹን አትቆጣቸው፣ ይሄ የኛ ነው በላቸው፣ የጎጃም ልጅ የኔ ያለውን አያስነካም።

ከዳንግላ፦ "እኛም በነፃ ማገልገል እንፈልጋለን፣ ከየት እንጀምር?"

ከቆጠራ። በየዓመቱ በፈረንጆቹ ጃንዋሪ ወር በብዙ ሀገር የውሃ ወፍ ይቆጠራል፣ በፈረንጆቹ ከ1967 ጀምሮ ሲሰራ የቆየ ነው፣ እኛ ጋ ያን ጊዜ ከአውሮፓና ከእስያ ብርድ ሸሽተው የመጡትም ስላሉ ውሃው ሙሉ ነው። የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበርን ጠይቁ፣ ያሰለጥኗችኋል። እስከዛ ግን አንድ ረግረግ ምረጡ፣ በወር አንዴ ፀሐይ ስትወጣ ሂዱ፣ ፀሐይዋን ከጀርባችሁ አድርጉ፣ ቀን፣ ሰዓትና ቁጥር ደብተር ላይ ጻፉ። መንጋው ከተነሳና ቁጥሩ ከጠፋባችሁ እስኪያርፍ ጠብቃችሁ ከመጀመሪያ ቁጠሩ፣ በግምት እንዳትሞሉት።