የፍትሐ ብሔር ጠበቃ ከየት ይጀምራል? ከሀዋሳ የመጡ ጥያቄዎችና መልሶች

ጥያቄዎቹ ከሕግ ተመራቂዎች፣ ከነገረ ፈጆች (ለመሥሪያ ቤት ተቀጥረው የሕግ ጉዳዩን ከሚይዙ ባለሙያዎች) እና ከአንድ ነጋዴ የመጡ ናቸው። መላሹ የፍትሐ ብሔር ጠበቃ ነው። ወንጀል ነክ የሆኑት አልተካተቱም።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ዘንድሮ ከሀዋሳ ዩኒቨርሲቲ በሕግ እመረቃለሁ። የመውጫ ፈተናውን ካለፍኩ ጥብቅና መጀመር እችላለሁ?

ገና ነሽ። ዲግሪውና የመውጫ ፈተናው የሕግ ባለሙያ ያደርጉሻል፤ ችሎት ፊት ለሰው የሚያቆምሽ ፈቃዱ ነው። ለፈቃዱ የሥራ ልምድና የጥብቅና ፈተና ይጠየቃል። የፌዴራሉ በአዋጅ ቁጥር 1249/2013 ይመራል፤ የክልሉ ፈቃድ ለብቻው የሚወጣ ነው። የሀዋሳ የቤት፣ የውርስና የብድር ክርክር በአብዛኛው የክልል ፍርድ ቤት ጉዳይ ስለሆነ፣ የት እንደምትሠሪ ከማመልከትሽ በፊት ወስኚ። የልምድ ደብዳቤሽም «የሕግ ባለሙያ ነበረች» ብሎ እንዳያልፍ። ከመቼ እስከ መቼ፣ በምን መደብ፣ ምን ምን ስትሠሪ እንደነበር ይጻፍልሽ።

ጥያቄ፦ ባንክ ሕግ ክፍል ተቀጥሬያለሁ። ጓደኛዬ ፍርድ ቤት ረዳት ዳኛ ነው። ለክርክር የሚጠቅመው የማን ልምድ ነው?

የጓደኛህ። ደመወዙ ሳይሆን ልምዱ ማለቴ ነው። ባንክ በመያዣ የያዘውን ንብረት በአዋጅ ቁጥር 97/1990 መሠረት የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ፣ ፍርድ ቤት ሳይሄድ በሐራጅ መሸጥ ይችላል። ስለዚህ የባንክ ነገረ ፈጅ ውልና መያዣ ጠንቅቆ እያወቀ ምስክር ጠይቆ የማያውቅ ሊሆን ይችላል። ረዳት ዳኛ በበኩሉ የሰው ክስ ሲበላሽ በየቀኑ ያያል። አንተ ይህን ጉድለት መሙላት ከፈለግህ፣ ተበዳሪዎች በባንኩ ላይ ለሚመሠርቱት ክስ መልስ እንድታዘጋጅ ጠይቅ። ፍትሕ ቢሮ የፍትሐ ብሔር ክፍል የሚሠሩ ዐቃብያነ ሕግም ጥሩ ተከራካሪ ሆነው ይወጣሉ፤ ሰው ግን ይህን ይረሳዋል።

ጥያቄ፦ ጀማሪ ጠበቃ ክስ ሲጽፍ በብዛት የሚሳሳተው ምን ላይ ነው?

ታሪክ ያበዛል፣ ፍሬ ነገር ያሳንሳል። የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 222 እና 223ን አጠገብህ አድርገህ ጻፍ። ክሱ የክስ ምክንያቱን፣ ምክንያቱ የተፈጠረበትን ቦታና ጊዜ፣ የፍርድ ቤቱን ሥልጣን፣ የሚጠየቀውን ዳኝነት (ፍርድ ቤቱ እንዲወስንልህ የምትፈልገውን) ይይዛል፤ የሰነድና የምስክር ዝርዝር አብሮ ይቀርባል። ያልጠየቅኸውን ነገር ዳኛ አይሰጥህም። በዓመት 9 በመቶ የሆነው ሕጋዊ ወለድ በመርሳት ብቻ የሚቀርበት ደንበኛ አለ።

አንድ ምሳሌ ልስጥ። አንድ የቡና ነጋዴ ለጓደኛው 400,000 ብር በባንክ አስተላለፈ እንበል፤ ውል የለም። ጀማሪው ደረሰኙን አያይዞ «አበድሬዋለሁ» ብሎ ይከሳል። ተከሳሹ «ገንዘቡ ገብቶልኛል፣ ግን የሸጥኩት ቡና ዋጋ ነው» ይላል። ደረሰኙ ገንዘብ መተላለፉን እንጂ ብድር መሆኑን አይናገርም። በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2472 ደግሞ ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር የሚረጋገጠው በጽሑፍ፣ በእምነት ቃል (ተከሳሹ ራሱ ሲያምን) ወይም በመሐላ ነው። አምስት ምስክር ብትደረድር ዋጋ የለውም። ከመክሰስህ በፊት ሁለቱ የተጻጻፉትን ሁሉ ሰብስብ፤ «ብድርህን በዚህ ወር እመልሳለሁ» የምትል አንዲት መልእክት ክርክሩን ልትለውጠው ትችላለች። (500 ብር የ1952 ሕግ ነው፤ ዛሬ ሁለት ሰው ምሳ የሚበላበት ነው።)

ጥያቄ፦ የይርጋ ጊዜዎችን እንዴት ላስታውስ?

አታስታውስ፣ ጽፈህ ለጥፍ። ይርጋ ማለት ካለፈ ክስ የማይቀርብበት የጊዜ ገደብ ነው። ውል በመርህ ደረጃ 10 ዓመት፣ ከውል ውጭ የደረሰ ጉዳት 2 ዓመት። በሀዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሠራተኞች ጉዳይ የምትሠራ ከሆነ፣ ወደ ሥራ ለመመለስ 3 ወር፣ ለደመወዝና ለትርፍ ሰዓት 6 ወር። ይግባኝ በሥነ ሥርዓት ሕጉ 60 ቀን ነው። ተከሳሽ ወገን ስትሆን ይበልጥ ተጠንቀቅ፤ ዳኛው በራሱ ይርጋ አያነሣልህም። በመጀመሪያ ደረጃ መቃወሚያ (ወደ ክሱ ፍሬ ነገር ሳይገባ በሚቀርበው ተቃውሞ) ሳታነሣው ካለፈህ እንደተውከው ይቆጠራል።

ጥያቄ፦ ሲዳምኛ አልችልም። ሀዋሳ ሠርቼ እኖራለሁ?

የሲዳማ ክልል የሥራ ቋንቋ ነውና ተማር። ምስክሩ በአፍ መፍቻው እየመለሰ አንተ አስተርጓሚ ስትጠብቅ መስቀለኛ ጥያቄህ (የሌላውን ወገን ምስክር የምትፈትንበት) ይቀዘቅዛል።

ጥያቄ፦ በአንድ ቀን ሁለት ቀጠሮ ቢገጥመኝስ?

ቀጠሮው እንዲለወጥ አስቀድመህ ለአንዱ ችሎት አመልክት፣ ካልሆነ ሌላ ጠበቃ ወክል። ከሳሽ ቀርቶ ተከሳሽ ከቀረበ መዝገቡ ይዘጋል፤ በአንድ ወር ውስጥ በቂ ምክንያት ይዘህ ካላስከፈትከው አለቀ። «ሌላ ችሎት ነበርኩ» የሚለውን በቂ ምክንያት ብለህ አትተማመን።

ጥያቄ፦ እኔ ነጋዴ ነኝ። ጠበቃ ስይዝ ደህናውን በምን ልለየው?

በመጀመሪያ ፈቃዱን ያሳይዎት፤ ለየትኛው ፍርድ ቤት እንደሆነና መታደሱን ይመልከቱ። ከዚያ የሚጠይቅዎትን ያዳምጡ። ደህና ጠበቃ ሰነዱን አገላብጦ ቀኖቹን ያያል፤ ቀጥሎም «ባለዕዳው ምን ንብረት አለው?» ይላል። ፍርድ ማግኘት አንድ ነገር ነው፣ ማስፈጸም ሌላ። ንብረቱን ሊያሸሽ ነው ብለው ከሰጉ ከፍርድ በፊት እግድ ወይም ማስከበሪያ (ንብረቱ ሳይሸሽ እንዲቆይ የሚያደርግ ትእዛዝ) እንዲጠይቅልዎት ገና ከጠበቃው ጋር ሲዋዋሉ ያንሡ። «መቶ በመቶ እናሸንፋለን» ካለ ሌላ ይፈልጉ።

ክፍያውን በጽሑፍ ያድርጉት፤ ቅድሚያው ስንት እንደሆነ፣ ይግባኝና አፈጻጸም መካተታቸው ይለይ። ለፍርድ ቤት የሚከፈለው የዳኝነት ክፍያ ከጠበቃው አበል ውጭ ነው፤ ብዙ ጠብ የሚነሣው ይህ በውሉ ሳይጻፍ ሲቀር ነው።