ሐኪምዎን ይጠይቁ፦ የእናቴ ቁስል መድኃኒት እምቢ አለ

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍልዎ ከዘጌ ነው። እናቴ 61 ዓመቷ ነው፤ ስኳር አለባት። ባሕር ዳር አንድ ሆስፒታል አንጀቷን ኦፕሬሽን ተደርጋ በሳምንቷ ቁስሉ መግል ያዘ። ሴፍትሪያክሶን የሚባል አንቲባዮቲክ ሲሰጣት ሰነበተ፤ ለውጥ የለም። ካልቸር፣ ማለትም ባክቴሪያውን አሳድጎ የሚለይ የላቦራቶሪ ምርመራ፣ ተሠራና «ክሌብሲየላ የሚባል ባክቴሪያ ነው፣ መድኃኒቱን ተላምዷል፣ ሜሮፔኔም ያስፈልጋል» ተባልን። ዋጋው ከበደን። ወንድሜ «ያስያዛት ሆስፒታሉ ነው፤ እናውጣትና ቤት ትታከም» ይላል። ጎረቤቶቻችን ደግሞ ሳል በያዛት ቁጥር ያለ ማዘዣ አሞክሲሲሊን እየገዛች ስለምትውጥ ነው ይላሉ። አስታማሚዋ እኔ ነኝ፤ ቤት ውስጥ የ8 ወር ልጅ አለችኝ። ወደ እሷ ይተላለፍ ይሆን?

መልስ፦ እናትዎን እግዚአብሔር ይማርልዎ። ከወንድምዎ ሐሳብ ልጀምር፤ ጊዜ የማይሰጠው እሱ ነውና። አሁን አያውጧቸው። ሜሮፔኔም የሚዋጥ ኪኒን የለውም። በደም ሥር፣ አብዛኛውን ጊዜ በየ8 ሰዓቱ ይሰጣል፤ መጠኑም ኩላሊታቸው እየታየ ይስተካከላል። ቁስሉ ደግሞ በመርፌ ብቻ አይድንም፤ መግሉ መውጣት፣ የሞተው ሥጋ መጠረግ፣ ስኳራቸውም መስተካከል አለበት። ይህን ሁሉ ቤት ውስጥ ማን ይሠራዋል?

ስለ ዋጋው አይፈሩ፣ ሐኪማቸውን ፊት ለፊት ያነጋግሩ። የካልቸር ወረቀቱ ላይ የትኞቹ መድኃኒቶች ባክቴሪያውን እንደሚገድሉ ተዘርዝሯል፤ አንዳንዴ እንደ አሚካሲን ያለ ርካሽ አማራጭ ይገኝበታል። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል ከሆናችሁ ደብተሩን ይዘው ይጠይቁ። ብር አጠረ ብላችሁ ግን ዛሬ ሦስት ጊዜ፣ ነገ አንድ ጊዜ እንዳታስወጓቸው። ከዚያ የከፋ የገንዘብ ብክነት የለም።

ጥፋቱ የማን ነው ለሚለው እኔም ከዚህ ሆኜ አልፈርድም። ክሌብሲየላ በብዙ ሰው አንጀት ውስጥ ምንም ሳያደርግ የሚኖር ባክቴሪያ ነው። እናትዎን የያዘው ዓይነት ግን ሴፍትሪያክሶንን ቆርጦ ከጥቅም ውጭ የሚያደርግ ኢንዛይም ያመርታል። ይህን ኢንዛይም የሚያሠራውን የዘር መመሪያ (ጂን) ደግሞ ጎረቤት እርሾ እንደሚዋዋሰው ለሌላ ባክቴሪያ ያቀብላል። እናትዎ ይዘውት ገብተውም፣ እዚያው አግኝቷቸውም ሊሆን ይችላል። አንቲባዮቲክ ደጋግሞ የወሰደ ሰው እንዲህ ያለውን የመሸከም ዕድሉ ከፍ ይላል፤ ጎረቤቶችዎ በዚህ አልተሳሳቱም። ሳል አብዛኛውን ጊዜ ከቫይረስ ስለሚመጣ አሞክሲሲሊኑ ያኔም አልጠቀማቸውም።

ሆኖም ሸክሙን ሁሉ በሕመምተኛ ላይ መጣል አልወድም። ሴፍትሪያክሶንን «ለማንኛውም» እያልን የምናዝዘው እኛው ሐኪሞች ነን። ለቀዶ ሕክምና መከላከያ የሚሰጥ አንቲባዮቲክ ቢላዋ ከማረፉ በፊት ይሰጣል፤ ቁስሉ ከተሰፋ በኋላ ለቀናት መቀጠሉ ኢንፌክሽንን እንደማይከላከል የዓለም ጤና ድርጅት ከ2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሲናገር ቆይቷል። እኛ ግን እንቀጥላለን፤ ቤተሰቡም «መርፌው ለምን ቆመ?» ብሎ ይቆጣናል። ችግሩ የባሕር ዳር ብቻ አይደለም። ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የታተመ ጥናት እንደገመተው፣ በ2019 እ.ኤ.አ. መድኃኒት በተላመዱ ባክቴሪያዎች በቀጥታ የሞተው የዓለም ሕዝብ 1.27 ሚሊዮን ነው።

አሁን እርስዎን ወደሚመለከተው ልምጣ። በሆስፒታል ውስጥ ይህን ባክቴሪያ ከአልጋ ወደ አልጋ የሚያደርሰው በዋናነት እጅ ነው። የነርስ እጅ፣ የሐኪም እጅ፣ ሳይቀየር ከሕመምተኛ ወደ ሕመምተኛ የሄደ ጓንት። የአስታማሚ እጅ ግን ይረሳል። በእኛ አገር ሽንት የሚደፋው፣ የሚያገላብጠው፣ የሚያጎርሰው አስታማሚ ነው። የጎን አልጋ ላይ የተኙት ሴትዮ ዘመድ ከሌላቸው ደግፈው የሚያስነሷቸው እርስዎ ነዎት፤ ደግ አደረጉ፣ ይቀጥሉበት። ግን እናትዎን ከነኩ በኋላ፣ ሴትዮዋን ከመንካትዎ በፊት፣ እጅዎን በአልኮል ይሹ። ከ20 እስከ 30 ሰከንድ፣ ጣቶች መሐልና አውራ ጣት ሳይቀር፣ እስኪደርቅ። እጅዎ ላይ የሚታይ ቆሻሻ ካለ ግን አልኮል አይበቃም፤ ውሃና ሳሙና ያስፈልጋል። ትንሿን ጠርሙስ አልጋው ላይ ያንጠልጥሏት፤ ሐኪሙም ሲያያት ያስታውሳል። ካላስታወሰ «ዶክተር፣ እጅዎን?» ይበሉት። ይሉኝታ እንደሚይዝዎ አውቃለሁ፤ የሚቆጣ ሐኪም ካለ ግን ማፈር ያለበት እሱ ነው።

ጠያቂም አለ። እሑድ ከቅዳሴ መልስ አገልግል ይዞ የሚመጣውን ዘመድ መከልከል አይቻልም፤ አልጋው ላይ እንዳይቀመጥ፣ ፋሻውን እንዳይነካ፣ ሲገባና ሲወጣ እጁን እንዲያሽ መንገር ግን ይቻላል። የእናትዎን ጋቢ ለሌላ ሕመምተኛ አያውሱ።

ስለ ልጅዎ ብዙ አይጨነቁ። ጤነኛ ልጅ ባክቴሪያውን ብታገኘው እንኳ አብዛኛውን ጊዜ አያሳምማትም። ወደ ሆስፒታል አያምጧት፤ ቤት ሲደርሱ ልብስዎን ቀይረው፣ በሳሙና ታጥበው ይቀፏት። ጡት ማጥባትዎን አያቋርጡ።

እናትዎ ሲሻላቸውና ቤት ሲገቡ፣ ቁስሉ ላይ የቡና ዱቄት አይነስንሱ፤ የዘጌ ቡና ለመጠጥ ነው። ካፕሱል ፈትቶ ዱቄቱን መነስነስም እንደዚያው አይረባም። ጸበል ይጠጡ፤ ቁስሉ ሳይገጥም ግን አይጠመቁ፣ ጣናም አይግቡ። ይህን ለካህኑ ቢነግሯቸው ይረዱዎታል ብዬ አምናለሁ።

ከመውጣታቸው በፊት የካልቸር ውጤቱን ቅጂ ይቀበሉ፤ በስልክዎም ፎቶ ያንሱት። ቁስሉ ከዳነ በኋላም ባክቴሪያው አንጀታቸው ውስጥ ለወራት ሊቆይ ይችላል። ወደፊት ሽንት ቢያቃጥላቸው ወይም ሌላ ሆስፒታል ቢተኙ፣ ወረቀቱን ያየ ሐኪም ከመጀመሪያው ቀን የሚሠራውን መድኃኒት ይመርጣል። ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለት፣ አዲስ መግል፣ የሽንት ማነስ ወይም የንግግር መቀባዠር ካዩባቸው ደግሞ የጀልባ ተራ አይጠብቁ፤ በተገኘው መኪና ይዘዋቸው ይምጡ።